አምስት ሊትር ደም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር

እናቴ የስኳር ሕመም እንዳለባት የነገራት ጥም ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በሚያዝያ ሙቀት፣ ለለቅሶ ወደ አዳማ ስንሄድ ሚኒባሱ ቢሾፍቱ ላይ ቆመና አንድ ጠርሙስ የብርቱካን ለስላሳ ገዛሁላት። በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ሞጆ ስንደርስ «ልጄ፣ አፌ ደረቀ» አለችኝና ሌላ ደገመች። ለቅሶ ቤት ገብተን ደግሞ ጓዳ ውስጥ ከሰው ተደብቃ ሦስተኛውን ስትከፍት አየኋት። ሌሊቱን አራት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላለሰች። «የቆላ ሙቀት ነው፤ ያልለመድኩት» አለች። እኔም አመንኳት።

ከአሥር ቀን በኋላ የመዝሙረ ዳዊቷ ፊደል ሲደበዝዝባትና ቀሚሷ ሲሰፋባት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ነርሷ ጣቷን ወጋ አድርጋ የደሟን ጠብታ በመለኪያው ጫፍ አስነካች። 412። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ እናቴን አየቻት።

«ማዘር፣ ዛሬ ምን ጠጥተዋል?»

እናቴ በእጇ የያዘችውን በግማሽ የጎደለ ጠርሙስ ቀስ አድርጋ በነጠላዋ ሸፈነችው።

ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር አሁን ገብቶኛል። ኩላሊት በደም ውስጥ የሚያልፈውን ስኳር እያጣራ መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል፤ መጠኑ በአንድ ዴሲ ሊትር 180 ሚሊ ግራም ገደማ እስኪደርስ ድረስ። ከዚያ ሲያልፍ ግን አቅሙ ያልቅና ስኳሩ ከሽንት ጋር መፍሰስ ይጀምራል። ሲፈስስም ብቻውን አይሄድም፤ ውሃውን ጎትቶ ይወስዳል። ሰውነት ይደርቃል፣ ሰው ይጠማዋል። የተጠማ መንገደኛ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ደግሞ በበረዶ ውስጥ የተቀመጠው ለስላሳ ላይ ነው። እናቴ ጥሟን ለመቁረጥ የምትጠጣው ያንኑ ጥሙን ያመጣባትን ነገር ነበር። ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር «የእኔም አባት እንዲሁ ነው የታወቀበት» የሚለኝ ሰው አጥቼ አላውቅም።

ከሐኪም ቤቱ አንድ የኪኒን ብልቃጥና አንድ መስመር ምክር ይዛ ወጣች፦ «ጣፋጭ ነገር እንዳይነኩ።» ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቆ ነበርና ከዚያ በላይ ለማብራራት ጊዜ አልነበረም። እናቴ ቃል በቃል ተቀበለችው። በእኛ ሰፈር ቡና በየተራ ነው የሚፈላው፤ ስኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ይጠብቀዋል፣ ቁርሱ ቦምቦሊኖ ወይም ነጭ ዳቦ ነው። «ለእኔ ብቻ ሌላ አዘጋጁ» ብላ ሰው ማስቸገሩን አልወደደችም፤ ሰው «አይ እሷ እንኳ!» እያለ ከንፈር እንዲመጥላትም አልፈለገችም። ስለዚህ ቀረች። አምስት ወር ሙሉ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ የጎረቤት ጭስ በአጥሩ ላይ ሲያልፍ በሯን ዘጋች። ቁጥሯ ወረደ፤ ፊቷም አብሮ ወረደ።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ አምስት ወር ብዬ ነው። እናቴ ማጣት ያልነበረባትን ነገር አጥታ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም ባልታወቁ ብዙ ቤቶች ውስጥ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በር የሚዘጋ ሰው አለ።

*

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አንዲት ትንሽ ስሌት ረድታኛለች። በአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ አምስት ሊትር ገደማ ደም ይዘዋወራል። ጠዋት ምንም ሳይቀምስ ቢለካ በእያንዳንዱ ዴሲ ሊትር ውስጥ ከ70 እስከ 99 ሚሊ ግራም ግሉኮስ ይገኛል። አባዝተን ስንደምረው በመላው ደሙ ውስጥ የሚገኘው ስኳር 5 ግራም እንኳ አይሞላም። አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ያውም ብዙም ያልተቆለለ። አንጎል የሚያስበው ይህችን ማንኪያ እየቀነሰ፣ እየተተካለት ነው። ሰውነት ቀን ከሌት እንዳትጎድልም እንዳትሞላም ይጠብቃታል። ከፍ ስትል ቆሽት ኢንሱሊን ይልካል፤ ጡንቻና ጉበት ትርፉን ይወስዳሉ። ዝቅ ስትል ጉበት ካከማቸው ቆንጥሮ ይመልሳል።

አሁን ያንን የቢሾፍቱ ጠርሙስ እናስበው። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ አንዱ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ይይዛልና ስምንት ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። የሚታኘክ ነገር የለውም፣ ቃጫ የለውም፣ ሆድ ውስጥ የሚያዘገየው ነገር የለም። በአሥራ አምስት፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደም ውስጥ መግባት ይጀምራል። የጤነኛ ሰው ቆሽት ይህን ጎርፍ ይቋቋመዋል። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ግን ወይ ሕዋሶቹ የኢንሱሊንን ጥሪ መስማት ቀንሰዋል፣ ወይ ቆሽቱ ደክሟል፣ ብዙውን ጊዜም ሁለቱም ናቸው። ስምንቱ ማንኪያ በር ተዘግቶበት ደም ውስጥ ለሰዓታት ይንከራተታል፤ የዓይንን፣ የኩላሊትንና የእግርን ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚጎዳውም እንዲህ በተደጋጋሚ ሲከርም ነው።

ስለዚህ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሰሃን ሲቀርብለት በልቡ ሊጠይቀው የሚገባው «ስንት ማንኪያ ነው? በስንት ደቂቃስ ይደርሳል?» የሚለውን ነው። ምላስ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምስክር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1981 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ ምግቦች የደም ስኳርን በምን ያህል ፍጥነት ከፍ እንደሚያደርጉ መለካት ሲጀምሩ፣ ንጹህ ግሉኮስን 100 ብለው ሌላውን ከእሱ ጋር ያነጻጽሩ ነበር። በዚህ መለኪያ ነጭ ዳቦ 75 ገደማ ላይ ይቀመጣል። የምንጠቀምበት ነጭ ስኳር 65 አካባቢ ነው። ሽምብራ ከ30 በታች፣ ኦቾሎኒ ደግሞ 15 እንኳ አይሞላም። የማይጣፍጠው ዳቦ ከሚጣፍጠው ስኳር ይፈጥናል ማለት ነው። እናቴ በእነዚያ አምስት ወራት ስኳር ጨርሳ ትታ፣ ረሃቧን የምታስታግሰው በሻይ ሁለት ሁለት ነጭ ዳቦ እየበላች ነበር። ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለችኝ። ከዚያ «ዳቦው እኮ አይጣፍጥም!» አለች፤ ዳቦው እንደከዳት ሰው።

*

እኔን ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ገብስ ነው።

ከአንዱ ኩንታል ገብስ ቆሎም በሶም ይወጣል። ሁለቱም ይቆላሉ፣ ሁለቱም ይፈተጋሉ። ቆሎው ግን ሳይሰበር ይቀራል፤ በሶው ወፍጮ ይገባና እንደ አቧራ ልሞ ይወጣል። ቆሎ በጥርስ ነው የሚፈጨው፤ ሰው ምንም ቢያኝከው ፍርክስካሽ ሆኖ ነው ሆድ የሚገባው። የምግብ መፍጫ ጭማቂዎች እያንዳንዷን ቅንጣት ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ በቀስ መሸርሸር አለባቸው፤ ስኳሩም ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። በሶው ግን ሥራው ወፍጮ ቤት አልቋል። በውሃ ተበጥብጦ በብርጭቆ ሲጠጣ ከማኘክም ተረፈ። በላዩ ስኳር ወይም ማር ሲጨመር ደግሞ ፈጣኑ ላይ ፈጣን ታከለበት። ገብስነቱ ያው ገብስ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ወፍጮው ላይ ነው።

ይህን በጣቷ ደም አየነው። የመለኪያ ወረቀት ውድ ስለሆነ አሥራ አራት ብቻ መድበን፣ ለሁለት ሳምንት ከቡና በፊትና ከአንድ ሰዓት በኋላ እየለካን በልጄ የሒሳብ ደብተር ጀርባ መዘገብን። በስኳር የተበጠበጠ በሶ በጠጣችበት ቀን ከ118 ተነስታ 221 ደረሰች። ሌላ ቀን ቡናዋን ያለ ስኳር፣ ከአንድ ጭብጥ ቆሎ ጋር ስትጠጣ ከ124 ወደ 146 ነው የሄደችው። ቆሎው ገብስና ሽምብራ እኩል በእኩል ሆኖ ኦቾሎኒና ጥቂት ሱፍ የተጨመረበት ነበር። አንድ ቀን ደግሞ እንደ ድሮዋ ሦስቱንም ስኒ፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም፣ ሁለት ሁለት ማንኪያ አድርጋ እንድትጠጣ ፈቀድን። ስድስት ማንኪያ መሆኑ ነው። 203። የእናቴ ቁጥር የእናቴ ነው፤ የሌላው ሰው በመድኃኒቱ፣ በክብደቱ፣ በዕድሜው ይለያያል። ግን ማንም ሰው መለኪያ ካገኘ በራሱ ጣት ሊጠይቀው የሚችል ጥያቄ ነው፣ መልሱም ከማንም ምክር በላይ ይታመናል። እናቴ እኔን ባታምነኝም ደሟን አመነች።

አንድ ጭብጥ ያልኩት በምክንያት ነው። ቆሎም ቢሆን ስታርች ነው፤ 30 ግራም ገደማ በምትሆን አንዲት ጭብጥ ገብስ ውስጥ 20 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። ሰሃኑ መሐል ሲቀመጥና ጨዋታው ሲደምቅ እጅ ራሷ ትመላለሳለችና ጭብጡ አራት አምስት ሊሆን ይችላል። እኛ ያገኘነው መላ ሽምብራና ኦቾሎኒ ማብዛት፣ ለእሷም በትንሽ ሳህን ለብቻ መስፈር ነው። ሽምብራ ፕሮቲኑም ቃጫውም ብዙ ነው፤ ኦቾሎኒ ደግሞ ቅባቱ ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ይይዘዋል። ፈንዲሻም ስኳር ካልተነሰነሰበት መልካም ነው፤ ሲያዩት ብዙ፣ ሲመዝኑት ቀላል ነውና። ከከተማ ልጅ እስከ ገጠር ባልቴት ሁሉም የሚያውቀው የቡና ቁርሳችን፣ ቦምቦሊኖው ሳይመጣ በፊት የነበረው፣ ለዚህ ሕመም የተመከረ ያህል ነው። ይህን ሳውቅ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ይቸግረኛል።

ዳቦ ግድ ሲሆንስ? ለበዓል ድፎ ተደፍቶ አንድ ቁራሽ አልቀምስም ማለት ከባድ ነው። ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛው ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ አትክልት ወይም እንቁላል፣ አይብ፣ ኦቾሎኒ፤ ዳቦው መጨረሻ። ከፊት የገባው ምግብ ለኋለኛው መንገዱን ያጠብበታል። ሁለተኛው እግር ነው። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ የኢንሱሊንን ጥሪ ብዙ ሳይጠብቅ ከደም ስኳር ይስባል፤ ከበሉ በኋላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ መራመድ ጥቅሙ በመለኪያ ይታያል። እናቴ በባዶ ሆዷ አንድ ነጭ ዳቦ በልታ በተቀመጠችበት ቀን 197 የነበረው፣ ያንኑ ዳቦ ከእንቁላል በኋላ በልታ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ደርሳ በተመለሰችበት ቀን 158 ሆነ።

*

የሚበላውን እንዲህ በቀላሉ አስታረቅነው። የሚጠጣው ነው ያስቸገረን።

ሰፈራችን ውስጥ በጾም ወራት ሰልፍ የሚያዝበት ጁስ ቤት አለ። አንድ ከሰዓት ከእናቴ ጋር ገባንና ባንኮኒው አጠገብ ቆሜ ስፕሪስ ሲሠራ ተመለከትኩ። ልጁ ማንጎውን፣ ፓፓያውንና አቮካዶውን በየተራ ይፈጫል። ከማሽኑ አጠገብ ክዳኑ የተሰነጠቀ ቢጫ ጆግ አለ፤ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ከዚያ ጆግ ጭልፋ ይጨምራል። ሦስቱ ቀለማት ብርጭቆው ውስጥ ተደራርበው ካማሩ በኋላ ከላይ ቪምቶ አንጠባጠበበት። ፍሬው ራሱ ስኳር አለው፤ 100 ግራም የበሰለ ማንጎ 14 ግራም ገደማ ይይዛል። በጆጉ ምክንያት ግን ብርጭቆው ከለስላሳ ጠርሙስ የማያንስ ሆነ። ይህ ሁሉ «ጤናማ ነው፣ ፍራፍሬ ነው» ተብሎ ነው የሚጠጣው።

«ለእኔ አቮካዶ ብቻ፤ የጆጉን ተወው» አለችው እናቴ።

«ማዘር፣ ያለ ስኳር እኮ አይጥምዎትም።»

«ሎሚ ጭመቅበት።»

ሁለት ሎሚ ጨመቀበት። እንደ ገንፎ ወፍሮ መጣና በማንኪያ በላነው። አቮካዶ ከፍራፍሬ ወገን ቢቆጠርም ስኳሩ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ያለው ቅባትና ቃጫ ነው። ክብደት ይጨምራልና ትልቁን ብርጭቆ ለሁለት ተካፈልነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ 138 ነበረች፤ ስትገባ 126። ልጁን ያለ ስኳር የሚያዝዝ ሌላ ሰው አለ ወይ ብዬ ስጠይቀው «አሉ፤ ግን ቀስ ብለው በጆሮዬ ነው የሚነግሩኝ» አለኝ።

በጆሮ! ይህ ነው የሚያሳዝነኝ።

ብርቱካንም ቢሆን አንዱን ልጦ መብላት አንድ ነገር ነው፣ የአራቱን ጭማቂ በአንድ ጊዜ መጠጣት ሌላ ነገር። ማር መድኃኒት ነው የሚሉኝ ዘመዶች አሉኝ፤ አልከራከራቸውም፣ ብቻ ማር ከመቶ ሰማንያው እጅ ገደማ ስኳር ነውና ብርዙም በደም ውስጥ የሚሠራው ያንኑ የስኳርን ሥራ ነው። «ዜሮ» የሚባሉት ለስላሳዎች የደም ስኳርን በቀጥታ ከፍ አያደርጉም፤ ለስላሳ መተው ላቃተው ሰው መሸጋገሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እነዚህን ማጣፈጫዎች ክብደት ለመቀነስ ብሎ መጠቀምን አልመከረም፤ ምላስን ከጣፋጭ ሱስ አያላቅቁም፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ቤታችን ውስጥ ቦታቸውን የወሰዱት ሌሎች ናቸው። አምቦ ውሃ ሎሚ ተጨምቆበት እንግዳ ፊት ቢቀርብ አያሳፍርም፤ ጋዙ ምላስን ይነካል፣ ስኳሩ ግን ዜሮ ነው። ተልባ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተመትቶ ትንሽ ጨው ሲጨመርበት ዝልግልጉ ራሱ የሌላውን ምግብ ስኳር እንዳይፈጥን ያዘገየዋል። ሻይ ደግሞ ቀረፋና ቁርንፉድ በዝቶበት ሲፈላ ሽታው ብቻ አፍን ያታልላል።

ወደ ጎረቤት ቡና ስትመለስ የድሮው ሁለት ማንኪያም አብሮ ተመልሶ ነበርና፣ ያለ ስኳር መጠጣቱን ቀስ ብለን ነው ያስለመድናት። ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ ተኩል፣ ሳምንት ቆይቶ ወደ አንድ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ። በሁለተኛው ወር የጎረቤት ስኒ በስሕተት አንስታ ፉት ስትል ፊቷን አኮማትራ መለሰችው። «ይህን ነበር የምጠጣው?» አለች። ምላስ ትማራለች።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገረችኝ። ወሎ፣ አያቷ ቤት፣ ቡና የሚጠጣው በጨው ነበር። ስኳር ለእንግዳ ክብር በወረቀት ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ልጆች በጣታቸው ቢነኩት ይገረፋሉ። እውነትም ስኳር በየቤቱ የገባው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያው የስኳር ፋብሪካ ወንጂ ላይ፣ ኤች.ቪ.ኤ. በተባለው የሆላንድ ኩባንያ እጅ፣ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ኮካ ኮላም አዲስ አበባ ላይ መታሸግ የጀመረው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። «ቡና ያለ ስኳር ወጉ አይደለም» የምንለው ወግ ዕድሜው ከእናቴ ዕድሜ ብዙም አይበልጥም።

ወግ ሲለወጥ ሰውነት ምን እንደሚከፍል ደግሞ ወደ እስራኤል የሄዱት ወገኖቻችን አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85 በኦፕሬሽን ሙሴ፣ ከዚያም በ1991 ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ባጓጓዘው ኦፕሬሽን ሰሎሞን ሲሄዱ፣ የስኳር ሕመም በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሲቆዩ ግን በፍጥነት ተስፋፋባቸው። በእርሻና በእግር መንገድ የኖረ ሰውነት አፓርታማ ገባ፤ በጤፍና በጥራጥሬ ፈንታ ነጭ ዳቦና ሩዝ መጣ፤ በውሃና በጠላ ፈንታ ባለ ቀለም ጣፋጭ መጠጥ። ጠረጴዛ ላይ የሚደረደረው ለስላሳ የደህና ኑሮ ምልክት ሆነ። በዚያ ለዚሁ ማኅበረሰብ የሚሠራው ድርጅት ስሙ «ጤና ብሪዩት» ነው፤ የእኛን ጤናና የዕብራይስጡን ጤና ጎን ለጎን ያስቀመጠ ስም። ሰዎቹን በቋንቋቸውና በሚያውቁት ምግብ በኩል ማነጋገሩን ሳስብ፣ «ጣፋጭ ነገር እንዳይነኩ» ከሚለው መስመር ምን ያህል እንደሚሻል ይታየኛል።

*

ስለ ለስላሳ ጠርሙስ ክፉ ክፉውን ስናገር ቆይቻለሁና የሕይወት አዳኝነቱንም መናገር አለብኝ።

እናቴ ወደ ቡናው ከተመለሰች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ኢንሱሊን የሚወጉ አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን መርፌያቸውን ተወግተው ምሳ ሳይበሉ መጡ። አቦሉ ሳይቀዳ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግንባራቸው ላብ አወጣ፤ የጠየቅናቸውን ትተው ሌላ ነገር ይመልሳሉ። አንዷ ሴት ስኳር ልትሰጣቸው ብድግ ስትል ሌላዋ እጇን ያዘቻት፦ «ኧረ ተይ፣ ስኳር እኮ አለባቸው!» ለደቂቃ ሁሉም ቆመ።

እናቴ ነች የጮኸችው። «ወርዶባቸው ነው! ሩጥ፣ ለስላሳ አምጣ!» አንድ ልጅ ከሱቅ በሩጫ አመጣ። ግማሹን ጠርሙስ እጃቸውን ደግፋ አጠጣቻቸው፤ ጋሼም በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ምን ሆኜ ነው?» ማለት ጀመሩ።

የደም ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ የሚያስፈልገው 15 ግራም ፈጣን ስኳር ነው፦ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ወይም ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ዜሮው ለስላሳ እዚህ ቦታ ምንም አይረባም፤ ቸኮሌትና ኬክም ቅባታቸው ያዘገያቸዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለክቶ ካልወጣ መድገም፣ ሲሻለው ምግብ መስጠት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይጨመርም፤ ትን ሊለው ይችላልና ወዲያው ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ይህ አደጋ በተለይ የሚያሰጋው ኢንሱሊን የሚወጉትንና ግሊቤንክላማይድን የመሰለ ኪኒን የሚወስዱትን ነው፤ ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ይህን ያህል አያሰጋውም። በጾምና በረመዳን ምሳ የሚዘልሉ ወገኖች መጠናቸውን ከሐኪማቸው ጋር ቀድመው መነጋገር ያለባቸውም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ የቡና ጠጪ ቡድን ይህን ቢያውቅ እመኛለሁ፤ «ስኳር አለባቸው» ብሎ እጅ የሚይዝ ሰው በየቤቱ አለና።

ከዚያ ቀን በኋላ በሰፈራችን ቡና ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። ማንም ሳይወስን ስኳሩ ወደ ስኒው መግባቱ ቀረና በሰሃን ለብቻው መሐል ተቀመጠ፤ የፈለገ ይጨምራል፣ ያልፈለገ አይጨምርም፣ ማንንም «ለምን?» የሚል የለም። ሁለት ሴቶች ከዚያ ወዲህ ያለ ስኳር መጠጣት ጀምረዋል፤ አንዷ ለካስ ዓመት ሙሉ ኪኒን ስትወስድ ኖራ ለማንም አልተናገረችም።

ባለፈው ቅዳሜ ተራው የእኛ ነበር። እናቴ ከሰዓት በፊት ምጣዱን ጥዳ ገብሱን ለብቻ፣ ሽምብራውን ለብቻ ቆላች፤ ሽምብራው ቀድሞ በጨው ውሃ ርሶ ስለነበር ሲቆላ እየፈነዳ ይዘል ነበር። ኦቾሎኒውን በመዳፏ አሽታ ገለባውን በእፍታ አበነነችው። ሁሉንም ሰፌድ ላይ ደባልቄ አቀረብኩላት። በጣቷ ወዲያ ወዲህ አለችው፣ ጥቂት አንስታ ቀመሰች፣ ሰፌዱን መለሰችልኝ።

«ገብሱ በዝቷል» አለችኝ። «ሽምብራ ጨምርበት፤ ሰው ይመጣል።»